ክትባትን ለማበረታታት የጤና ተግባቦትንና የማኅበረሰብ ተሳትፎን ማቀናጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የክትባት አገልግሎትን ከሕዝብ ጋር የማገናኘት ኃላፊነት ያለባቸው ሰዎች፣ ማለትም አስተባባሪዎች፣ የጤና ተቋም ኃላፊዎች፣ በጎ ፈቃደኞችና የማኅበረሰብ ተወካዮች፣ በየሥልጠናውና በየስብሰባው የሚያነሷቸው ናቸው። አንዳንዱ ጥያቄ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ያልቃል፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጸምበት ጉዳይ ግን ሰፋ ተደርጎ ቀርቧል።

«ቅንጅት» ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው?

በወረቀት ላይ ቅንጅት ማለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቃለ ጉባኤ መፈራረማቸው ነው። ሥራው ላይ ሲደርሱ ግን መለኪያው ሌላ ነው። አንዲት እናት «ልጄን ትንሽ ጉንፋን ይዞታል፤ ዛሬ መከተብ ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ በነጻ የስልክ መስመር፣ ለሰፈሯ በጎ ፈቃደኛ፣ በሬዲዮ ለሚቀርበው ባለሙያና በክትባት ክፍሉ ላለችው ነርስ ብታቀርብ፣ ከአራቱም አንድ ዓይነት መልስ ታገኛለች? መልሱ ቀላል ጉንፋን ክትባት አያስቀርም የሚል ነው፤ ነገር ግን ከአራቱ አንዱ «ሲሻለው አምጪው» ካላት የቀሩት ሦስቱ የለፉበት ሁሉ ይባክናል፤ እናትየው የምትይዘው የሚያስፈራውን መልስ ነውና።

ስለዚህ ቅንጅቱ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መወሰን አለበት፦ በሕዝብ ፊት የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ አንድ መልእክት ከመሠራጨቱ በፊት ማን አይቶ እንደሚያጸድቀው፣ እንዲሁም አዲስ ጥያቄ ከታች ሲመጣ በስንት ሰዓት ውስጥ መልስ እንደሚሰጠው። ከዚህ በተጨማሪ በየስብሰባው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ሰው አለ፤ እሱም የክትባት ማከማቻው ኃላፊ ነው። ማስታወቂያው ከክትባቱ ቀድሞ ከደረሰ፣ ሕዝቡ ተሰልፎ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ በሁለተኛው ጥሪ የሚመጣው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ያነሰ ይሆናል።

ሰዎች የማይከተቡት መረጃ ስለሚጎድላቸው ነው?

አንዳንዶቹ፣ አዎ። ነገር ግን ችግሩን ሁሉ «የግንዛቤ እጥረት» በሚል ስም መጥራት ምቹ ስለሆነ ብቻ የተለመደ አነጋገር ነው፤ ጥፋቱን ወደ ሕዝቡ አሻግሮ አገልግሎት ሰጪውን ነጻ ያወጣልና። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የተቋቋመ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረበው ትንተና፣ ክትባትን ለማመንታት መነሻ የሚሆኑት ምክንያቶች በሦስት ተጠቃለዋል፦ በክትባቱና በሚሰጠው አካል ላይ ያለ እምነት ማነስ፣ በሽታው አይነካኝም ብሎ መዘናጋት፣ እንዲሁም አገልግሎቱ በርቀት፣ በሰዓት፣ በወጪ ወይም በአቀባበል ምክንያት የማይመች መሆኑ። ሦስቱ የተለያየ መድኃኒት ይፈልጋሉ። እምነት ያጣን ሰው ማስታወቂያ አይመልሰውም፤ መንገድ የራቀበትን ደግሞ ስለ ክትባት ጥቅም ማስተማር ቁስሉ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ ሌላ ቦታ ማሰር ነው።

አንድ ምሳሌ ከቅርብ እንይ። የኩፍኝ ክትባት ብዙ ጊዜ የሚመጣው አሥር ልጆችን በሚከትብ ጠርሙስ ነው፤ ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ መቀመጥ ስለማይችል የተረፈው ይደፋል። በዚህ ምክንያት ነርሷ ለሁለት ልጆች ብላ ጠርሙስ ለመክፈት ትሳሳለች፤ «ማክሰኞ ልጆች ሲበዙ ተመለሺ» ትላለች። እናትየው የሄደችበትን መንገድ ተመልሳ ትሄዳለች፤ ማክሰኞ ሌላ ሥራ ይይዛታል፤ ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ላይ «ያቋረጠች» ተብላ ትጻፋለች። ከወር በኋላ ያ ቁጥር ወደ ላይ ተልኮ ለአካባቢው ተጨማሪ ቅስቀሳ ይታዘዛል። ይህች ሴት ቅስቀሳ አላስፈለጋትም፤ ያስፈለጋት ለአንድ ልጅም ቢሆን ጠርሙሱ ይከፈት የሚል ግልጽ መመሪያና ብክነቱን ታሳቢ ያደረገ የክትባት አቅርቦት ነበር።

መልእክት ከማዘጋጀታችን በፊት ምን ማወቅ አለብን?

ማን እንዳልተከተበ፣ የት እንዳለና ለምን እንዳልተከተበ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መዝገብ ይናገራል፤ ሦስተኛውን ግን ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ጥሩ የሚባለው ጥያቄ «ስለ ክትባት ጥቅም ያውቃሉ?» የሚለው አይደለም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ሁሉም ሰው ጠያቂውን የሚያስደስት መልስ ይሰጣል። «ባለፈው ጊዜ ለማስከተብ ሲሄዱ ምን ሆነ? እስኪ ከቤት ከወጡ ጀምሮ ይንገሩኝ» ማለት ይሻላል። በዚህ መንገድ ከተሰበሰቡ ሃያ ወይም ሠላሳ ታሪኮች ውስጥ በመጠይቅ ወረቀት የማይገኙ ነገሮች ይወጣሉ፦ ካርድ የጠፋባት እናት በሰው ፊት መገሠጿ፣ የልጁ አባት ሳይፈቅድ መርፌ አይወጋም መባሉ፣ የክትባት ቀን ከሥራ ቀን ጋር መጋጨቱ።

ፈጽሞ ያልተከተቡትንና ጀምረው ያቋረጡትን ለይቶ ማየትም ያስፈልጋል። ያቋረጠው ቢያንስ አንድ ጊዜ መጥቷል፤ ስለዚህ እንዳይመለስ ያደረገውን በመጀመሪያ መፈለግ ያለብን በራሳችን በር ላይ ነው። ፈጽሞ ያልደረሰው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሌላውም አገልግሎት በማይደርስበት ቦታ ነው።

የማኅበረሰብ ተሳትፎ ከቅስቀሳ በምን ይለያል?

ቅስቀሳ የተወሰነን ነገር ማሳወቅ ነው፤ ተሳትፎ ግን ከመወሰኑ በፊት መጠየቅ ነው። የአገር ሽማግሌዎችን ጠርቶ የተዘጋጀ ጽሑፍ ማንበብና አበል መክፈል፣ ስሙ ምንም ቢሆን ቅስቀሳ ነው። ሽማግሌዎቹ የክትባት ጣቢያው የት ይሁን፣ በየትኛው ቀን ይሁን፣ ቤት ለቤት የሚሄደው ማን ይሁን በሚለው ላይ ሐሳብ ሰጥተው እቅዱ በእነሱ ቃል ሲለወጥ ያን ጊዜ ተሳትፎ አለ ማለት ይቻላል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሰሜን ናይጄሪያ የታየው ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የካኖ ግዛትና አንዳንድ አጎራባች ግዛቶች የፖሊዮ ክትባት መካንነትን ያስከትላል በሚል ወሬ ክትባቱን አገዱ። ወሬው ሐሰት ነበር፤ ነገር ግን ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያው በካኖ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ መካከል አንድ የውጭ መድኃኒት አምራች በሕፃናት ላይ ያካሄደው ሙከራ ክስ ያስነሣ በመሆኑ፣ ሕዝቡ «ነጻ መድኃኒት ይዞ ቤት ለቤት የሚመጣ ሰው» የሚጠረጥርበት የራሱ ትዝታ ነበረው። በዚያ ላይ መሠረታዊ መድኃኒት በገንዘብ እንኳ በሚታጣበት አካባቢ አንድ ክትባት ብቻ በነጻ በር ድረስ መምጣቱ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ካኖ ክትባቱን የቀጠለችው እ.ኤ.አ. በ2004 አጋማሽ፣ የሃይማኖት መሪዎችና የአካባቢው ባለሥልጣናት በክትባቱ ምርመራ ከተሳተፉና ሙስሊሞች በሚበዙባት በኢንዶኔዥያ የተመረተ ክትባት ከቀረበ በኋላ ነው። እስከዚያው ግን ቫይረሱ ከአሥር በላይ ወደሆኑ ሌሎች አገሮች ተዛምቷል። የአፍሪካ አህጉር ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 ነው።

በሕንድ የተኬደበት መንገድ ደግሞ በተቃራኒው ትምህርት ይሰጣል። በኡታር ፕራዴሽና በቢሃር እምቢታ የበዛባቸው ሰፈሮች በስም ተለይተው፣ ከዚያው ሰፈር የተመረጡ ሴቶች እያንዳንዱን ቤት እንዲከታተሉ ተደረገ። እነዚህ ሴቶች ስለ ፖሊዮ ብቻ አላወሩም፤ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ሌሎቹም ክትባቶች ይናገሩ ነበር። ሰው የሚያሳስበው የልጁ ጤና እንጂ የአንድ ፕሮግራም ግብ ስላልሆነ ይህ ሁነኛ ለውጥ ነበር። በተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ የተያዘ የሕንድ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ጥር 2011 ሲሆን፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀጣና ከቫይረሱ ነጻ መሆኑ በ2014 ተረጋግጧል።

መልእክቱን ማን ቢናገር ይሻላል?

ታዋቂ ሰው ጆሮ ይስባል፤ ውሳኔ የሚያስለውጠው ግን የሚታወቅ ሰው ነው። በአብዛኛው ወላጆች በክትባት ጉዳይ ከማንም ይልቅ የሚያምኑት በየጊዜው የሚያገኙትን የጤና ባለሙያ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ራሱ ያመነታ የነበረና በኋላ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ብዙ ያሳምናል። ለዚህ ከሶማሊያው ዓሊ ማው ማሊን የበለጠ ምሳሌ አይገኝም፦ እ.ኤ.አ. በ1977 በመርካ ከተማ ሆስፒታል ምግብ አብሳይ ሳለ በፈንጣጣ የታመመና በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በበሽታው የተያዘ የመጨረሻው ሰው ተብሎ የተመዘገበ ነው። ያልተከተበው መርፌው ያማል ብሎ ስለፈራ ነበር። ከዓመታት በኋላ በአገሩ የፖሊዮ ዘመቻ ውስጥ ሲሠራ፣ ለሚያመነቱ ወላጆች የሚነግራቸው ይህንኑ የራሱን ፍርሃት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የሞተውም በዚያው ሥራ ላይ ሳለ በወባ ታሞ ነው።

የሃይማኖት አባቶችን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ የሕክምና ማብራሪያ እንዲሰጡ አይጠየቁ። እነሱ ሕፃናትን መጠበቅ ተገቢ መሆኑን ይናገሩ፤ ስለ ክትባቱ ይዘት የሚነሣውን ጥያቄ ባለሙያው አጠገባቸው ተቀምጦ ይመልስ።

ሐሰተኛ ወሬ ሲነሣ ወዲያው ማስተባበል አለብን?

ሁልጊዜ አይደለም። በአንድ ሰፈር የተወሰነን ወሬ በሬዲዮ ማስተባበል ላልሰማው ማሰማት ነው። ወሬው ምን ያህል እንደተዛመተ፣ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስና ከየት እንደተነሣ በመጀመሪያ ይመዘን። በአንድ ሰፈር ያለውን በዚያው ሰፈር፣ ሰውን በአካል አግኝቶ መመለስ ይበቃል። በሰፊው ከተሠራጨና ሰዎችን ከጣቢያ ማስቀረት ከጀመረ ግን ዝምታ ማረጋገጫ ይሆናል፤ በሰዓታት ውስጥ መልስ ያስፈልጋል።

አመላለሱ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። መልሱ በእውነቱ ይጀምር፤ ቀጥሎ ሐሰት የሆነ ነገር እየተወራ መሆኑን ጠቁሞ ለምን እንደሚያሳስት ያስረዳ፤ በመጨረሻም ወደ እውነቱ ይመለስ። ሐሰቱን በትልቁ ጽፎ ከላዩ ላይ «ውሸት» የሚል ማኅተም ማድረግ፣ ብዙ ተቋማት ቢወዱትም፣ አንባቢው ከሳምንት በኋላ የሚያስታውሰው ትልቁን ጽሑፍ ስለሆነ አይመከርም።

«ለምን እንደሚያሳስት» የሚለው ክፍል ብዙውን ጊዜ ይዘለላል፤ የመልሱ ጉልበት ግን እሱ ጋ ነው። የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለውን እንውሰድ። ወሬው ክንፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 አሥራ ሁለት ሕፃናትን ብቻ መሠረት አድርጎ በወጣ ጽሑፍ ሲሆን፣ መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰርዞታል፤ በ2019 የታተመና ከ650,000 በላይ የዴንማርክ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናትም ምንም ግንኙነት አላገኘም። ይህ ሁሉ ተነግሮ ወሬው የማይሞተው ለምንድን ነው? የኦቲዝም ምልክቶች በወላጅ ዓይን መታየት የሚጀምሩት የኩፍኝ ክትባት በሚሰጥበት ዕድሜ አካባቢ ስለሆነ ነው። ይህን የጊዜ መገጣጠም በግልጽ ያልነገርነው ወላጅ፣ ቁጥር ብንደረድርለት በዓይኑ ያየውን አናስክደውም።

ከክትባት በኋላ አንድ ልጅ ቢታመም ወይም ቢሞት ምን እንበል?

የዚህ ጥያቄ መልስ መዘጋጀት ያለበት ችግሩ ከመድረሱ በፊት ነው። በመጀመሪያ፣ ተራ የሆኑት ምልክቶች በክትባቱ ቀን ይነገሩ፦ ትኩሳት፣ የተወጋው ቦታ ማበጥና ማመም፣ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት በተሰጠበት ቦታ ላይ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ቁስል ወጥቶ ጠባሳ መተው። ያልተነገረው ትኩሳት ሌሊት ላይ ቤተሰቡን ያስደነግጣል፤ የተነገረው ግን «ብለውኝ ነበር» ይባላል። ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ከሚሊዮን ዶዝ በአንድ ገደማ የሚያጋጥም ቢሆንም የሚያጋጥም መሆኑን መካድ አይገባም፤ ከተከተቡ በኋላ ለ15 ደቂቃ ያህል ቆዩ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። «መቶ በመቶ ምንም ጉዳት የለውም» የሚለውን ሐረግ ከመልእክቶቻችሁ ሁሉ አውጡት።

ከባድ ነገር ከተከሰተ በመጀመሪያ የሚሄደው ሰው ወደ ቤተሰቡ ይሂድ፤ ወደ ጋዜጠኞች የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ሳለ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ቀርቦ «ከክትባቱ ጋር አይገናኝም» ሲል ቢሰሙ፣ ምርመራው ገና ሳይጀመር ውጤቱ እንዴት ታወቀ ብለው መጠየቃቸው ትክክል ነው። መግለጫው ሦስት ነገሮችን ብቻ ይያዝ፦ እስካሁን የምናውቀውን፣ ገና በማጣራት ላይ ያለውን፣ እንዲሁም ቀጣዩን መረጃ መቼ እንደምንሰጥ። «ከክትባቱ በኋላ» እና «በክትባቱ ምክንያት» የሚሉት አነጋገሮች በጆሮ ቢቀራረቡም በትርጉም እንደሚራራቁ ጋዜጠኞች አስቀድመው ሥልጠና ያግኙ።

የጃፓንና የፊሊፒንስ ተሞክሮ በዚህ ረገድ በጥንቃቄ መጠናት አለበት። ጃፓን የማኅጸን በር ካንሰርን የሚከላከለውን ክትባት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 በመደበኛ ፕሮግራም አስገብታ፣ ከክትባቱ ጋር ግንኙነታቸው ያልተረጋገጠ የሕመም አቤቱታዎች በመገናኛ ብዙኃን ሲናፈሱ በሰኔ ወር ለዜጎቿ የምታደርገውን ጥሪ አቆመች። ክትባቱ አልታገደም፤ መንግሥት «ተከተቡ» ማለቱን ብቻ ነው የተወው። ሆኖም 70 በመቶ ገደማ የነበረው ሽፋን ከ1 በመቶ በታች ወረደ፤ ጥሪው የተመለሰው በ2022 ነው። በፊሊፒንስ ደግሞ ከ800,000 በላይ ተማሪዎች በትንኝ የሚተላለፈውን የዴንጊ በሽታ የሚከላከል ክትባት ከወሰዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 አምራቹ ክትባቱ ቀደም ሲል በዴንጊ ተይዘው ለማያውቁ ልጆች ከባድ ሕመምን ሊያባብስ እንደሚችል አስታወቀ። ሥጋቱ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን የተነሣው የፖለቲካ ክርክር ከዴንጊ ክትባት አልፎ በሌሎቹም ላይ ደረሰ፤ ክትባት አስፈላጊ መሆኑን በጥብቅ እናምናለን የሚሉት ሰዎች በ2015 ከነበሩበት 93 በመቶ በ2018 ወደ 32 በመቶ ወረዱ። በ2019 አገሪቱን ከባድ የኩፍኝ ወረርሽኝ መታት።

ባለሙያው ከሚያመነታ ወላጅ ጋር እንዴት ይነጋገር?

ንግግሩ የሚጀመርበት ዓረፍተ ነገር ብዙ ይወስናል። «ይከተብ ወይስ ይቅር?» ብሎ የሚጀምር ባለሙያ ክትባቱ አጠራጣሪ ነገር እንደሆነ ሳያውቀው ይናገራል። «ዛሬ የኩፍኝ ክትባት ቀኑ ነው፤ እንከትበዋለን። የሚያሳስብዎት ነገር አለ?» ቢል ግን ነገሩ የተለመደ መሆኑንም፣ ለጥያቄ በሩ ክፍት መሆኑንም ያሳያል። ወላጁ «ጎረቤቴ ልጅዋ ከተከተበ በኋላ ታመመ ትላለች» ቢል ተገቢው ምላሽ ሳቅ ወይም ቁጣ አይደለም፤ «ሰምተው መስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ምን እንደሆነ ነገረችዎት?» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ፣ ወላጁ ከፈቀደ፣ ባለሙያው የሚያውቀውን በአጭሩ ይንገር። ዛሬ እምቢ ያለ ወላጅ በክብር ከተሸኘ ሌላ ቀን ይመጣል።

ወላጁ ክፍሉን ለቅቆ ከመውጣቱ በፊት አራት ነገሮችን ይስማ፦ ልጁ የትኛውን ክትባት እንደወሰደና ከምን እንደሚከላከለው፣ ምን ዓይነት ምልክት ሊያሳይ እንደሚችልና ያን ጊዜ ምን እንደሚደረግ፣ የሚመለስበትን ቀን፣ ካርዱንም ይዞ እንዲመጣ። አራቱን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በስልክ የማስታወሻ መልእክት መላክ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ ማስታወሻ መላክና ቀን ያለፈባቸውን መጥራት ክትባትን ከፍ እንደሚያደርግ ከብዙ አገሮች በተገኙ ጥናቶች ተረጋግጧል። የሚሠራው ግን ለሚረሳ ሰው ነው፤ ለሚጠራጠረው ሰው የተላከ ማስታወሻ ጥርጣሬውን ብቻ ያስታውሰዋል።

ሥራችን ውጤት ማምጣቱን በምን እንለካ?

የተበተነ በራሪ ወረቀት፣ የተላለፈ የሬዲዮ ሰዓትና የሠለጠነ ሰው ብዛት የወጪ ማስረጃዎች ናቸው። ውጤቱን የሚያሳየው ሦስት ጊዜ ከሚሰጥ ክትባት የመጀመሪያውን ዶዝ ከወሰዱ ልጆች ውስጥ ሦስተኛውን ሳይወስዱ የቀሩት ድርሻ ነው፤ ይህ ከ10 በመቶ ከበለጠ በአገልግሎቱ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። አማካይ ቁጥርም ያታልላል። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ማንም ባልተከተበበት ማኅበረሰብ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ስለሚችል፣ ሥርጭቱን ለመግታት 95 በመቶ ገደማ ሽፋን ያስፈልጋል፤ የአውራጃው አማካይ 95 ሆኖ ሦስት መንደሮች 60 ላይ ከሆኑ ወረርሽኙ የሚነሣው ከእነዚያ ሦስቱ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የተቀበላችኋቸውን ቅሬታዎችና በእነሱ ምክንያት የለወጣችሁትን ነገር መዝግቡ። በስድስት ወር ውስጥ ምንም ያልተለወጠበት የአስተያየት መዝገብ እንደሌለ ይቆጠራል።

በጀታችን ጠባብ ከሆነ ከየት እንጀምር?

ከክትባት ክፍሉ። መጀመሪያ ሰዎች በብዛት የሚጠይቋቸውን አሥር ጥያቄዎች ከእነ መልሳቸው በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ከዘበኛው ጀምሮ ወላጅ የሚያገኛቸው ሠራተኞች ሁሉ እንዲያውቁት አድርጉ። ቀጥሎ ባለፈው ወር ቀጠሮ ያለፈባቸውን ልጆች ዝርዝር አውጥታችሁ ቤተሰቦቻቸውን በአካል አነጋግሩ። የክትባት ቀንና ሰዓት መለወጥ ካለበት ለውጡት፤ የተለወጠውንም ያነጋገራችኋቸው ሰዎች ራሳቸው ለጎረቤቶቻቸው እንዲነግሩ ጠይቁ። ፖስተር የሚታተመው ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ከተረፈ ነው።